ሽቦ ለማብቀል ወደ እንጅባራ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ አትመኑት። እኔም እስከዚህ ጉዞ ድረስ ብርድ የማውቀው የማቀዝቀዣ በር ስከፍት ብቻ ነበር። ወደ አዊ የሄድኩት ግን አየር ልቀይር ብዬ አይደለም። ሽቦ ላበቅል ነው።

ሽቦ ይበቅላል ወይ ብትሉኝ፣ የኔ ዓይነቱ ይበቅላል። ወርቅ እጅግ በጣም ሲደቅ ቢጫነቱን ይተውና ቀይ ይሆናል። ያንን ብናኝ ትንንሽ ጠፍጣፋ መስታወቶች ላይ ስበትነው መስታወቶቹ ሮዝ መልክ ይይዛሉ። ከዚያ አንድ ሰማያዊ ዱቄት አለ። የጨርቅ ማቅለሚያ ዘመድ ነው፤ ኤሌክትሪክን ግን በከፊል ያስተላልፋል። ዱቄቱን በረጅም የመስታወት ቱቦ አንድ ጫፍ፣ መስታወቶቹን በሌላው ጫፍ አስቀምጬ አየሩን በፓምፕ አወጣለሁ። ዱቄቱ ያለበት ጫፍ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ውጭ ይቀራል። ዱቄቱ ሲግል ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይጓዛል። እዚያ እያንዳንዷ የወርቅ ቅንጣት ትይዘውና በላይዋ ላይ ቀጥ ያለ ፀጉር ይበቅላል። ናኖ ሽቦ የሚባለው እሱ ነው። አንዱ ብቻውን ለዓይን አይታይም፤ ብዙ ሆኖ ሲበቅል ግን ዳቦ ላይ እንደሚወጣ ሻጋታ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ውጭ ያለው ጫፍ ካልቀዘቀዘ ግን ዱቄቱ ማረፊያ አጥቶ ያልፋል።

ዱቄቱን ያጠሩት መምህሬ ነበሩ። ማጥራቱ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እሳቸው አርፈዋል፣ ማጥሪያውም ተበላሽቷል። የቀረችው ዱቄት ለአንድ ሙከራ ብቻ የምትበቃ ነበረች። የማስተምርበት ኮሌጅ ደግሞ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ውጤት ካላሳየሁ ክፍሌን የወንበር ማከማቻ ሊያደርገው ወስኗል። ይባስ ብሎ ፓምፔ ተቃጠለ። መምህሬ ካረፉ ወዲህ ስለዚህ ሥራ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ባልደረቦቼ «ፀጉር አብቃይዋ» እያሉ ይስቁብኛል፤ እህቴ አግብታ ከሄደች ወዲህ እቤት ስገባም የሚጠብቀኝ የለም። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ስለዚህ የድሮ የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የሻረግ ከእንጅባራ ደውላ «እኛ ጋ ደህና ፓምፕ አለ፣ ነይ» ስትለኝ ሁለቴ አላሰብኩም።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ቱቦውን በልብስ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ፣ መስታወቶቹንና የዱቄቷን ብልቃጥ ደግሞ በጥጥ የሞላሁት ሳጥን ውስጥ አድርጌ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ አዋሽ ድረስ ሳጥኑን በዓይናቸው ሲመረምሩ ቆይተው በመጨረሻ «የወርቅ ነው እንዴ፣ እንዲህ አቅፈሽው?» አሉኝ። ወርቅ ነው ብል ማን ያምነኛል። «መስታወት ነው» አልኩ። «አቦ፣ መስታወትማ አዲስ አበባም ሞልቷል» ብለው ጫታቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ነበር። አንድ ፔንሲዮን አደርኩ፤ ስለ እሱ የማወራው ብዙ የለኝም፤ ውኃ አልነበረውም።

እሑድ ወደ ባሕር ዳር በረርኩ። ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ብልቃጧን ከሳጥኑ አውጥታ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገቻት።

«ምንድን ነው?»

«ዱቄት። ቀለም።»

«ክፈቺዋ።»

እዚያ ላይ ሳላፍር ለመንኳት። ትንሽ እንኳ ከበነነች ሥራዬ እንደሚበላሽ፣ ሌላ እንደሌለኝ ነገርኳት። ፊቴን አየች፤ ከዚያ አለቃዋን ጠራች። እሱም እያገላበጠ ካየ በኋላ «ለሠርግ ነው?» አለኝ። ለሠርግ ነው ብል ኖሮ በእልልታ የሚያሳልፉኝ ይመስለኛል። ለምርምር ነው ስል አዘኑልኝና ሳይከፍቱ መለሱልኝ።

ከባሕር ዳር ሚኒባስ ያዝኩ። እኛ አገር መንገድ ሲጠየቅ ስለ ሙቀቱና ስለ አቧራው ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» እያለ ነው። ሰላም ነበር፤ ግን በየኬላው እየቆምን ዳንግላ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሾፌሩ «ከዚህ በኋላ አልሄድም፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ብሎ ቁልፉን ነቀለ። የተከራከረው የለም።

ዳንግላ ያደርኩበት ቤት ባለቤት ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ተቀብለውኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ በሩን አዩ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ምነው፣ ሰው የለሽም?»

ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁኝ እቆጣ ነበር። እዚህ ግን የተጠየቅኩት በክፋት አልነበረም። ሴትየዋ መልሴን ሳይጠብቁ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጡልኝ፤ ቀጥሎም ደግመው መጡና የራሳቸውን ጋቢ ደረቡልኝ። ያን ሁሉ ተከናንቤም እግሬ አልሞቀ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዱ አማርኛ ነው፣ አብዛኛው የአዊ አገው ቋንቋ፣ አውንጂ ነው። በማላውቀው ቋንቋ ሲሳቅ መስማት ሆድ ያስብሳል።

ሰኞ ጠዋት ጉዞ ቀጠልን። ከአዲስ ቅዳም በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ተጠጋግቶ የቆመ። ዲከረንስ ይሉታል። በየደጁ የከሰል ማዳበሪያ ቆሟል። እኛ አገር ከሰል ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው፤ እዚህ ሰው እንደ ጤፍ ዘርቶ ያመርተዋል። ዛፉን ይተክሉታል፣ ሲደርስ ይቆርጡታል፣ ያከስሉታል፣ መሬቱን መልሰው ያርሱታል።

የሻረግ እንጅባራ መናኸሪያ ባጃጅ ይዛ ጠበቀችኝ። ጠጉሯ መሳሳቱን አየሁ፤ እሷም የኔን መክሳት አይታለች። ቤቷ እንደገባን የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረበችልኝ። የአዊን ድንች ያልበላ ሰው ድንች በላሁ እንዳይል። ከሰዓት በኋላ ወደምታስተምርበት ኮሌጅ ሄደን ፓምፑን አስነሳነው። ድምፁ እንደ ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ነበር። የምድጃው አፍ ለቱቦዬ ልክ ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቤ ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። የሻረግ «ተቀምጠሽ አትቆዝሚ፣ አባባ ጋ እንሂድ» ብላ ዘንገና አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ወሰደችኝ። ሐይቁ ክብ ነው፤ ጸጥ ያለ። ዳር ቆሜ አየሁት፤ ከኖርኩበት ሁሉ የባሰ ጸጥታ ስለነበር ቶሎ ተመለስኩ።

አባቷ አቶ ፈንቴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔም እንደ ልጃቸው አባባ አልኳቸው። ስንደርስ ከቤቱ ጀርባ ከሰል እያከሰሉ ነበር። እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል። እሳቸው አካፋ ይዘው ይዞሩታል፤ ጢስ በጎን ሾልኮ ከታያቸው ቶሎ ብለው አፈር ይጭኑበታል።

«ይኸን ነገር ትተውት አይሄዱም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሙቀት የሚያመልጥበት ካየሽ መድፈን ነው። ካልደፈንሽ ሲነጋ አመድ ታቅፈሽ ነው የምትቀሪው።»

«አንቺስ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ለሰው ማስረዳት የተውኩት ነገር ነበር፤ እሳቸው ግን አካፋቸውን ተደግፈው ቆመው ይጠብቃሉ። ስለ ወርቁ፣ ስለ ሰማያዊው ዱቄት ነገርኳቸው። ለምን ይጠቅማል ሲሉኝም አንድ ቀን በእነዚህ ሽቦዎች መርዝ አየር የሚያሸት መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል፣ ለምሳሌ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ጢሱ ሳይገድለው በፊት ጮሆ የሚቀሰቅስ ዕቃ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። አባባ ወደ ጎረቤት አጥር አሻግረው አዩና «የእማሆይ ጥሩሰው ልጅ እንዲያ ነው የሞተ» አሉ። «ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ። ከሰሉን ከዚሁ ጭነን የላክንለት እኛ ነን።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሽቦዎቹ ብዙ ጠየቁኝ። ዱቄቷ ለአንድ ጊዜ ብቻ የምትበቃ መሆኗን ስነግራቸው በረጅሙ ተነፈሱ።

ረቡዕ መብራቱ መጣ። በጠዋት መስታወቶቹን ደረደርኩ፣ ዱቄቷን ትንሽ ጀልባ በምትመስል ሳህን ላይ አፈሰስኩ፣ ቱቦውን ዘጋሁ። የሻረግ ፈተና ልትቆጣጠር መሄድ ነበረባት። «ብቻሽን አትቀመጪም፤ እንግዳ ብቻውን ተትቶ!» አለችኝ። እኔ ሥራዬን ብቻዬን መሥራት የለመድኩ ሰው መሆኔን ብነግራት አልሰማችኝም። ብዙም ሳይቆይ አባባ ፈንቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በባጃጅ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔን ሊያጫውቱ ነው የመጡት። ወንበር ስቤ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ምን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቆሎ ከኪሳቸው አወጡና ተካፈልን። ምድጃው ጋለ፤ ዱቄቷ መትነን ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ መምህሬ ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር ተቀምጬ ምድጃ የጠበቅኩት ያን ቀን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

የዝሁር ሰዓት ሲደርስ ልሰግድ ተነሳሁ። «መብራት ከጠፋ ወይም ሰው ሊነካ ከመጣ ይጥሩኝ» አልኳቸው። «ግድ የለሽም፤ እኔ አለሁ» አሉ። ውኃ ፍለጋ ግቢውን ዞርኩ፤ ቧንቧው ደርቆ ነበርና ከዘበኛው ጀሪካን ለምኜ ዉዱእ አደረግኩ። ስግደቴም ረዘም አለ፤ የምለምነው ነገር ነበረኝ።

ስመለስ አባባ ፈንቴ በስስ ኮታቸው ብቻ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው መሐል ከተው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢያቸው የለም። ጋቢያቸው ያለው ቱቦው ላይ ነበር። ከምድጃው ውጭ የቀረውን፣ መቀዝቀዝ ያለበትን ጫፍ እስከ መጨረሻው ጠቅልለውታል። እጥፉን አሳምረው፣ ዳርና ዳሩን ወደ ውስጥ ወትፈውታል።

«በዚህ በኩል ሙቀቱ ያመልጥ ነበር» አሉኝ። «ገና እንደወጣሽ አየሁትና ደፈንኩልሽ። አይዞሽ፣ አልተውኩትም።»

ጋቢውን ስነካው ይሞቃል። ሳህኗን በቱቦው መስታወት በኩል አየኋት፤ ባዶ ናት። ጋቢውን ቀስ ብዬ ፈታሁና ትከሻቸው ላይ መለስኩት። «እርስዎን እንዳይበርድዎት ብዬ ነው» አልኳቸው። «ኧረ እኔ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አሉና እየሳቁ ተከናነቡት። አጠገባቸው ተቀምጬ ምድጃው እስኪጠፋ ድረስ አብረን ቆየን። የጠላት ሥራ ቢሆን ኖሮ መናደድ ይቀል ነበር።

ሐሙስ ቱቦው በርዶ ከፈትኩት። መስታወቶቹ ከድሬዳዋ እንደተነሱ ናቸው፤ ሮዝ፣ ንጹሕ። በማጉያ አየኋቸው፤ አንድ ፀጉር አልበቀለባቸውም። ዱቄቷ በላያቸው አልፋ ወደ ፓምፑ የሚወስደው የብረት አንገት ላይ ተለጥፋለች፤ ከቅባት ጋር ተለውሳ፣ ለምንም የማትሆን ሰማያዊ እድፍ ሆናለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለዱቄቷ ብቻ አይደለም። የመምህሬ እጅ የነካው የመጨረሻ ነገር ነበር።

የሻረግ መጥታ መስታወቶቹን አየች። «ምን ሆኖ ነው?»

«ሙቀቱን አብዝቼው ይሆናል» አልኩ። ጋቢውን አላነሳሁም። አባቷን ስትወቅስ መስማት አልፈለግኩም።

እሷ መልስ ሳትሰጠኝ አባባ ፈንቴ በሩ ላይ ደረሱ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«አደጉ?» አሉ።

የሻረግ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «አድገዋል፣ አባባ።»

«አድገዋል?»

«በደንብ አድገዋል።»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በአውንጂ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ በአማርኛ «ተመስገን፤ እኔም አብሬ ጠብቄያለሁ» አሉ። የሻረግ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእጄ ወጣ። አባባ እቤቴ የደስ ደስ ሳላደርግ አልሸኝሽም አሉ። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ በባጃጅ ተጠርተው መጡ። «ከድሬ ነሽ አሉኝ! ድሮ ጨርቅ ላመጣ እመላለስ ነበር» እያሉ ዶሮዎቹን በቢስሚላህ አረዱልኝ፤ ለዚያ ብቻ ነው የመጡት። ለሌላው ጠላ ሲቀዳ ለኔ ብርዝ ተበጠበጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አባባ ቆመው በአውንጂ ሲያስረዷቸው የገቡኝ «ድሬዳዋ» እና «ከሰል» የሚሉት ብቻ ናቸው። በእጃቸው ግን ጋቢውን እንዴት እንደወተፉት ሲያሳዩ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከሰል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ትክክል መሥራታቸውን ያውቃል።

«ብዪ እንጂ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እያሉ ያጎርሱኛል። በላሁ። ያን ያህል ሰው ከቦኝ፣ ያን ያህል ተወድጄ፣ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሰው ሲሳሳ አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እማሆይ ጥሩሰው ናቸው፤ ልጃቸው በከሰል ጢስ የሞተባቸው። እጄን ይዘው ሳሙት፤ ልነጥቃቸው ብል አልቻልኩም።

«እኔስ አለፈኝ» አሉ። «ታናሹ ግን አለ፤ እሱም ባሕር ዳር ገብቷል። ይኸ የሚጮኸው ዕቃ መቼ ይደርሳል?»

የሻረግ ከወዲያ ማዶ ታየኛለች።

«ይደርሳል፣ እማሆይ» አልኩ። «እስከዚያ ከሰሉን አስወጥቶ ይተኛ በሉት። መስኮቱን ከፍቶ።»

«ብያለሁ። ይበርደዋል እኮ።»

አርብ በጠዋት የሻረግ ሸኘችኝ። መናኸሪያው ላይ «ለምን ዋሸሻቸው?» አለችኝ። «ደስ ይበላቸው ብዬ» አልኳት፤ ሌላውን ለራሴ አስቀረሁት። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ከሰል ጭኖ ነበር። ሳጥኑን እንደ መጣሁበት ጭኔ ላይ ያዝኩት፤ አሁን ግን ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ባሕር ዳር አደርኩ፣ አዲስ አበባ አደርኩ፤ ድሬዳዋ ስገባ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ተቀበለኝ።

ለኮሌጁ እውነቱን ተናገርኩ፤ አልበቀለም። ክፍሌ ወንበር ገባበት። ቁልፉን ሳስረክብ ማንም ስለ ሽቦዎቹ አልጠየቀኝም፤ የጠየቁኝ ስለ አዊ ብርድ ነው።

አባባ ፈንቴ ግን ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውሉልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሙቀቱ ይጠይቁኛል፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽቦዎቹስ?» ይላሉ።

«ደህና ናቸው፣ አባባ።»

ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ «እማሆይ እዚሁ ናቸው» አሉኝ። ስልኩን ተቀባበሉ፤ የሚያቃስት ትንፋሽ ሰማሁ። መምህሬ ካረፉ ወዲህ ሥራዬን የሚጠብቅ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ደረሰ ወይ?»

ከፊቴ ባዶው ብልቃጥ ነበር።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እማሆይ» አልኩ።